ጋሊሊዮ ጋሊሊ፦ በትንሽ ቴሌስኮፕ የጨረቃን ተራሮች የለካው ሊቅ

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚኖር ሰው ማለዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ቢመለከት ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነውን የወጨጫን ተራራ ያያል። ፀሐይ ከምሥራቅ ብቅ ስትል አስቀድሞ የሚበራው የተራራው ጫፍ ነው። በዚያ ሰዓት በአየር ጤና፣ በቤቴልና በቀራንዮ ያሉ ቤቶችና መንገዶች ገና በጥላ ውስጥ ይገኛሉ። ብርሃኑ ቀስ በቀስ ከጫፉ ወደ ወገቡ፣ ከወገቡም ወደ ግርጌው ይወርድና በመጨረሻ ሜዳውን ሁሉ ያዳርሳል። ነገሩ በየዕለቱ የሚደጋገም በመሆኑ ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ከ400 ዓመታት በፊት ግን አንድ ጣሊያናዊ የሒሳብ መምህር ይህንኑ የሚመስል ትዕይንት በጨረቃ ላይ አየ፤ ካየውም ተነሥቶ ጨረቃ እንደ ምድር ተራራና ሸለቆ ያላት አካል መሆኗን አስረዳ። ይህ ሰው ጋሊሊዮ ጋሊሊ ነው።

ጋሊሊዮ የተጠቀመበት መሣሪያ በዛሬ ዓይን ሲታይ እጅግ ደካማ ነበር። ለታላቅ ግኝት ያበቃው የመሣሪያው ጥራት ብቻ ሳይሆን በየሌሊቱ በትዕግሥት መመልከቱ፣ ያየውን መንደፉ፣ የነደፈውን መለካቱና ከልኬቱ የሚገኘውን ፍሬ ለመቀበል መድፈሩ ነው። ይህ ድፍረት በኋላ ዘመኑ ብዙ ዋጋ አስከፍሎታል። የሕይወት ታሪኩም እንደሚከተለው ቀርቧል።

ልደት፣ ቤተሰብና ትምህርት

ጋሊሊዮ የተወለደው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1564 በጣሊያን፣ በፒሳ ከተማ ነው። አባቱ ቪንቼንዞ ጋሊሊ ሉት የተባለውን ባለ አውታር የሙዚቃ መሣሪያ የሚጫወትና ስለ ሙዚቃ ሥርዓት የሚጽፍ ሰው ነበር፤ እናቱ ጁሊያ አማናቲ ትባላለች። ቪንቼንዞ ከጥንት ሊቃውንት የተወረሰውን የሙዚቃ ትምህርት እንዲሁ አይቀበልም ነበር። በአውታሮች ላይ ልዩ ልዩ ክብደት እያንጠለጠለ የሚሰጡትን ድምፅ ይፈትን ነበር። የበኩር ልጁ ጋሊሊዮም አንድ አባባል እውነት መሆኑ የሚታወቀው በተናጋሪው ታላቅነት ሳይሆን በፈተና መሆኑን የተማረበት የመጀመሪያ ቤት ይህ ነበር ማለት ይቻላል።

አባቱ ሐኪም እንዲሆንለት በመመኘት እ.ኤ.አ. በ1581 በፒሳ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት እንዲጀምር አደረገ። ጋሊሊዮ ግን ልቡ ወደ ሒሳብ አዘነበለ። ኦስቲሊዮ ሪቺ በተባለ የሒሳብ መምህር እየተረዳ የዩክሊድንና የአርኪሜዲስን ሥራዎች ካጠና በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1585 ዲግሪ ሳይቀበል ዩኒቨርሲቲውን ለቀቀ። ከ4 ዓመታት በኋላ ወደዚያው ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህር ሆኖ ተመለሰ።

እ.ኤ.አ. በ1591 አባቱ ሲሞት የቤተሰቡ ኃላፊነት በእርሱ ላይ ወደቀ። የእህቶቹን ጥሎሽ መክፈልና ታናሽ ወንድሙን መርዳት ነበረበት። በ1592 በቬኒስ ሪፐብሊክ ሥር ወደነበረው የፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ 18 ዓመታት አስተማረ። ደመወዙ ስለማይበቃው ተማሪዎችን በቤቱ ያሳድር፣ በግል ያስተምር፣ በቤቱ ባቋቋመው የእጅ ሥራ ክፍልም የሒሳብና የወታደራዊ ልኬት መሣሪያዎችን እያሠራ ይሸጥ ነበር። በዚያው ዘመን ከማሪና ጋምባ ጋር ሳይጋቡ ቨርጂኒያ፣ ሊቪያና ቪንቼንዞ የተባሉ ሦስት ልጆችን ወለዱ። መሣሪያን በገዛ እጁ መሥራትና ማሻሻል የለመደው በዚህ የኑሮ ትግል ውስጥ ነው፤ ይህም ልማድ ብዙም ሳይቆይ እጅግ ጠቀመው።

ከሆላንድ የመጣው ዜና

እ.ኤ.አ. በ1608 ሃንስ ሊፐርሼይ የተባለ መነጽር ሠሪ ሩቅ ያለን ነገር አቅርቦ የሚያሳይ መሣሪያ መሥራቱን ገልጾ ለሆላንድ መንግሥት የባለቤትነት መብት ጥያቄ አቀረበ። ወሬው በአውሮፓ በፍጥነት ተሰራጨ። ጋሊሊዮ ዜናውን በ1609 እንደሰማ አሠራሩን በራሱ አስቦ ደረሰበት፤ በቱቦ አንድ ጫፍ ወደ ውጭ የጎበጠ ሌንስ፣ በዓይን በኩል ባለው ጫፍ ደግሞ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ሌንስ አኖረ። የመጀመሪያ መሣሪያው ነገሮችን 3 ጊዜ ያህል ብቻ የሚያጎላ ነበር። ሌንሶችን ራሱ መሞረድና ማለስለስ ተምሮ በዚያው ዓመት ኦገስት ወር 8 ጊዜ የሚያጎላ መሣሪያ ለቬኒስ ሹማምንት አሳየ። ሹማምንቱ በከተማዋ የደወል ማማ ላይ ወጥተው ወደ ባሕር ሲመለከቱ፣ በዓይን ከመታየታቸው ከሁለት ሰዓት በፊት መርከቦችን ለዩ። ለባሕር ንግድና ለመከላከያ ያለው ጥቅም ስለተገለጠላቸው የመምህርነት ሥራውን የዕድሜ ልክ አደረጉለት፤ ደመወዙንም ወደ 1,000 ፍሎሪን ከፍ አደረጉለት።

ዓመቱ ከማለቁ በፊት ጋሊሊዮ 20 ጊዜ ገደማ የሚያጎላ ቴሌስኮፕ ሠራ። ርዝመቱ 1 ሜትር ያህል ሲሆን፣ የእይታ ክልሉ ጠባብ ከመሆኑ የተነሣ ሙሉዋን ጨረቃ በአንድ ጊዜ ማሳየት አይችልም ነበር። ተመልካቹ የጨረቃን ገጽ በከፊል እያየ መሣሪያውን ቀስ ብሎ ማንቀሳቀስ ነበረበት። ከሥራዎቹ መካከል ዛሬ በፍሎረንስ ቤተ መዘክር ተጠብቆ የሚገኘው አንድ የተሰነጠቀ ሌንስ ስፋቱ 38 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

ቴሌስኮፕን ወደ ጨረቃ በማቅናት ጋሊሊዮ የመጀመሪያው ሰው አልነበረም። በእንግሊዝ አገር ቶማስ ሃሪየት የተባለ ሊቅ በዚያው በ1609 ከእርሱ ጥቂት ወራት ቀድሞ ጨረቃን በቴሌስኮፕ ተመልክቶ ሥዕሏን ነድፎ ነበር። ይሁን እንጂ ሃሪየት የብርሃንና የጨለማውን ድንበር የተቆራረጠ መስመር አድርጎ ከመንደፍ አልፎ በመጀመሪያው ሥዕሉ የመስመሩን ትርጉም አላሳየም። የጋሊሊዮ ብልጫ ጥላን ማንበብ መቻሉ ነው። በወጣትነቱ የሥዕልን ጥበብ የተማረ በመሆኑ፣ በጠፍጣፋ ነገር ላይ የሚታይ ብርሃንና ጥላ ስለ ጉብታና ጎድጓዳ ምን እንደሚናገር ያውቅ ነበር።

በጨረቃ ላይ የታየው ንጋት

በዘመኑ በዩኒቨርሲቲዎች ይሰጥ የነበረው የአርስጣጣሊስ ትምህርት ከጨረቃ ጀምሮ ወደ ላይ ያሉት የሰማይ አካላት ሁሉ ፍጹም፣ የማይለወጡና ልሙጥ ናቸው የሚል ነበር። በጨረቃ ላይ በዓይን የሚታዩትን ጥቋቁር ምልክቶች ከዚህ ትምህርት ጋር ለማስታረቅ ልዩ ልዩ ማብራሪያዎች ይቀርቡ ነበር።

ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 30 ቀን 1609 ጀምሮ በዲሴምበር ወር ውስጥ ጨረቃን በተለያየ ዕድሜዋ ተመለከተ፤ ያየውንም በቡናማ ቀለም እየነደፈ አስቀመጠ። መጀመሪያ የሳበው የጨረቃን ብሩህ ክፍል ከጨለማው የሚለየው ድንበር ነበር። ጨረቃ ልሙጥ ሉል ብትሆን ይህ ድንበር ወጥና የተስተካከለ መስመር መሆን ይገባው ነበር፤ የታየው ግን የተንሻፈፈና የተቆራረጠ መስመር ነው። ከድንበሩ አጠገብ እጅግ ብዙ ትናንሽ ክብ ምልክቶች ነበሩ። በእያንዳንዳቸው ውስጥ ወደ ፀሐይ የቀረበው ወገን ጨለማ፣ ከፀሐይ የራቀው ወገን ደግሞ ብሩህ ነበር። ፀሐይ ስትወጣ በሸለቆ ውስጥ የሚታየው ይኸው ነው፤ ለፀሐይ የቀረበው ግድግዳ በራሱ ጥላ ሲሸፈን ፊት ለፊቱ ያለው ግድግዳ ብርሃኑን ይቀበላል። በመሆኑም ምልክቶቹ ጎድጓዶች መሆናቸውን ተረዳ።

ከዚህ ይበልጥ ያስደነቀው በጨለማው ክፍል ውስጥ፣ ከድንበሩ ርቀው ብቻቸውን የሚያበሩ ነጥቦችን ማየቱ ነው። ጥቂት ሰዓታት ጠብቆ ደግሞ ሲመለከት ነጥቦቹ እያደጉ ሄደው ከብሩሁ ክፍል ጋር ሲገናኙ አየ። የወጨጫን ማለዳ ለሚያውቅ ሰው ትርጉሙ ግልጽ ነው። ነጥቦቹ ሜዳው ገና በጨለማ ሳለ የፀሐይን ጨረር አስቀድመው የተቀበሉ የተራራ ጫፎች ናቸው። ጋሊሊዮም ነገሩን ያስረዳው በምድር ተራሮች ላይ ከሚታየው ንጋት ጋር በማነጻጸር ነው።

ማየት ብቻ ስላልበቃው የተራሮቹን ቁመት ለካ። በዘመኑ ግምት የጨረቃ ዲያሜትር 2,000 የጣሊያን ማይል ያህል ስለነበር፣ ከመካከሏ እስከ ገጽዋ ያለው ርቀት 1,000 ማይል ይሆናል። ከሚያበሩት ነጥቦች አንዳንዶቹ ከብርሃኑ ድንበር የዲያሜትሯን ሃያኛ እጅ፣ ማለትም 100 ማይል ያህል ይርቃሉ። የፀሐይ ጨረር ድንበሩን ነክቶ ካለፈ በኋላ የተራራውን ጫፍ ስለሚመታ፣ 1,000 እና 100 ማይል የማዕዘነ ቀጤ ጎነ ሦስት ሁለት ጎኖች ይሆናሉ። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ በሚሰጠው የፓይታጎረስ ሕግ ሲሰላ ሦስተኛው ጎን፣ ይኸውም ከጨረቃ መካከል እስከ ተራራው ጫፍ ያለው ርቀት፣ ወደ 1,005 ማይል ይጠጋል። ከዚህ ላይ 1,000ው ሲቀነስ የተራራው ቁመት ይገኛል። ጋሊሊዮም ቁመቱ ከ4 ማይል እንደሚበልጥ ጻፈ፤ ይህም በዛሬው ልኬት ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። በዘመናዊ መሣሪያዎች እንደተረጋገጠው፣ አፔናይን ተብሎ በሚጠራው የጨረቃ የተራራ ሰንሰለት ውስጥ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ቁመት ያላቸው ተራሮች አሉ። በ38 ሚሊ ሜትር ሌንስና በአንድ የሒሳብ ሕግ ብቻ የተገኘ ውጤት ከእውነተኛው መጠን ይህን ያህል መቅረቡ ዛሬም ያስገርማል።

አዲስ የተወለደች ጨረቃ ቀጭን ሆና ስትታይ ቀሪው ክፍሏ ለምን በደብዛዛ ብርሃን እንደሚታይም አስረድቷል። ፀሐይ ምድርን ታበራለች፤ ምድርም የተቀበለችውን ብርሃን ወደ ጨረቃ ትመልሳለች። ጨረቃ ለምድር ሌሊት እንደምታበራ ሁሉ ምድርም ለጨረቃ ሌሊት ታበራለች ማለት ነው። በዚህ ማብራሪያ ምድር ብርሃን የለሽ የአጽናፈ ዓለም አዘቅት ናት የሚለው አስተሳሰብ ተናጋ።

ጋሊሊዮ ያየው ሁሉ ትክክል ነበር ማለት ግን አይደለም። የጨረቃ ጠርዝ በተራሮች የተነሣ ለምን የተቆራረጠ መስሎ እንደማይታይ ለማስረዳት ሁለት ምክንያቶችን አቅርቦ ነበር። በርካታ የተራራ ረድፎች አንዱ የሌላውን ክፍተት እየሸፈነ መታየቱን የገለጸበት ምክንያት ትክክል ነው፤ ጨረቃ ጥቅጥቅ ባለ ተን ተከብባለች የሚለው ግን የተሳሳተ ነበር። ዛሬ ባሕር እየተባሉ የሚጠሩት ሰፋፊ ጥቁር ሜዳዎችም ውኃ ያለባቸው ሳይሆኑ ከብዙ ዘመን በፊት ቀልጦ ፈስሶ የረጋ የእሳተ ገሞራ ዐለት መሆናቸው ተረጋግጧል።

መጽሐፉና ዝናው

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 ቀን 1610 ጋሊሊዮ ቴሌስኮፑን ወደ ጁፒተር አቅንቶ በአጠገቡ ትናንሽ ኮከቦችን አየ። በተከታታይ ሌሊቶች በመመልከት በጁፒተር ዙሪያ የሚዞሩ 4 ጨረቃዎች መሆናቸውን አረጋገጠ። ስለ ጨረቃ ገጽ፣ ስለ ከዋክብትና ስለ ጁፒተር ጨረቃዎች ያየውን ሁሉ በላቲን ቋንቋ በአንድ ትንሽ መጽሐፍ አዘጋጅቶ በማርች 1610 በቬኒስ አሳተመ። የታተመው 550 ቅጂ ብቻ ቢሆንም ወዲያው ተሸጦ አለቀ። ዘመኑ በኢትዮጵያ አጼ ሱስንዮስ የነገሡበት ነበር።

በዚያው ዓመት ወደ ፍሎረንስ ተመልሶ የቶስካናው መስፍን የዳግማዊ ኮሲሞ የሒሳብና የፍልስፍና ሊቅ ሆኖ ተሾመ። ቬነስም እንደ ጨረቃ እየሞላችና እየጎደለች እንደምትታይ ደረሰበት። ይህም ቬነስ በፀሐይ ዙሪያ እንደምትዞር የሚያስረዳ ታላቅ ማስረጃ ሆነ። በ1611 ወደ ሮም ሲሄድ የኢየሱሳውያን ኮሌጅ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት የግኝቶቹን ትክክለኛነት መሰከሩለት፤ አንጋፋው ክላቪየስ ግን የጨረቃን ተራሮች ጉዳይ ለመቀበል አመንትቶ ነበር። ወዳጁ የነበረው ሠዓሊ ሎዶቪኮ ቺጎሊ በበኩሉ በሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን እመቤታችንን ሲሥል፣ ከእግሯ በታች ያለችውን ጨረቃ በጋሊሊዮ ቴሌስኮፕ እንደታየችው ጎድጓዳና ጉብታ ያላት አድርጎ በ1612 ሥዕሉን ፈጸመ።

ክርክርና ፍርድ

የጋሊሊዮ ግኝቶች ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች የሚለውን የኒኮላስ ኮፐርኒከስን ሐሳብ የሚያጠናክሩ ነበሩ። በዘመኑ የነበሩ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ባለሥልጣናት ይህ ሐሳብ ከመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ጋር ይጋጫል ብለው ስላመኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1616 የኮፐርኒከስ መጽሐፍ እስኪታረም ድረስ እንዳይነበብ ታገደ። ጋሊሊዮም ሐሳቡን እንዲተው በካርዲናል ቤላርሚኖ በኩል ተነገረው። ለ7 ዓመታት ያህል በዚህ ጉዳይ ላይ በይፋ ከመከራከር ተቆጠበ።

በ1623 ቀድሞ ወዳጁ የነበሩት ካርዲናል ማፌዮ ባርቤሪኒ ኡርባን 8ኛ ተብለው ሊቀ ጳጳስ ሲሆኑ ተስፋው ታደሰ። በ1632 በሁለቱ የዓለም ሥርዓቶች ላይ የሚደረግ ውይይትን የያዘውን ታላቅ መጽሐፉን ተራው ሕዝብ በሚረዳው በጣሊያንኛ ቋንቋ አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥም ስለ ጨረቃ ገጽ በሰፊው ያትታል። ሆኖም የባሕር ውኃ በየዕለቱ ከፍና ዝቅ የሚለው በምድር መንቀሳቀስ ምክንያት ነው ብሎ የጨረቃን ኃይል አለመቀበሉ ትልቅ ስሕተት ነበር። የጨረቃን ተራሮች የለካው ሰው ጨረቃ በባሕር ላይ ያላትን ሥልጣን ሳይገነዘብ ቀረ።

መጽሐፉ የሊቀ ጳጳሱን ቁጣ ቀሰቀሰ። ጋሊሊዮ በሕመም ላይ ሳለ ወደ ሮም ተጠርቶ ኢንኩዊዚሽን በተባለው የእምነት ምርመራ ችሎት ፊት ቀረበ። እ.ኤ.አ. ጁን 22 ቀን 1633፣ በ69 ዓመቱ፣ ተንበርክኮ ሐሳቡን እንዲክድ ተደረገ። የእስራት ፍርዱ በቤት ውስጥ ወደ መቆየት ቢለወጥለትም መጽሐፉ ታገደ፤ እርሱም እስከ ዕለተ ሞቱ ነፃ አልወጣም።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ጋሊሊዮ በፍሎረንስ አቅራቢያ በአርቼትሪ በሚገኝ ቤቱ እንዲቀመጥ ተወሰነበት። በአጠገቡ ባለው ገዳም ታላቅ ልጁ ቨርጂኒያ ማሪያ ቸለስቴ በሚል ስም መንኩሳ ትኖር ነበር። የፍርዱ አካል ሆኖ ሰባቱን የንስሐ መዝሙራት በየሳምንቱ እንዲደግም ሲታዘዝ፣ በእርሱ ፈንታ ለመድገም የተረከበችው እርሷ ናት። ለአባቷ የጻፈቻቸው 124 ደብዳቤዎች እስካሁን ይገኛሉ፤ እርሱ የመለሰላቸው ግን ጠፍተዋል። አባቷ ወደ አርቼትሪ ከተመለሰ ጥቂት ወራት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. አፕሪል 2 ቀን 1634፣ በ33 ዓመቷ ታማ ሞተች። ጋሊሊዮ በሐዘኑ ከባድ ጭንቀት ላይ ወደቀ።

ከሐዘኑ በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ። በወጣትነቱ የጀመረውን ስለ አካላት እንቅስቃሴና ስለ ቁሶች ጥንካሬ የሚደረግ ጥናት አጠናቆ፣ መጽሐፉ በ1638 ከኢንኩዊዚሽን ሥልጣን ውጭ በሆነችው በሆላንድ፣ በላይደን ከተማ ታተመ። የዘመናዊው ፊዚክስ አንዱ መሠረት ይህ መጽሐፍ ነው።

በዚያው ወቅት የዓይኑ ብርሃን ይደክም ጀመር። እይታው ሙሉ በሙሉ ከመጥፋቱ በፊት በ1637 የመጨረሻውን የቴሌስኮፕ ግኝቱን አደረገ፤ እርሱም ስለ ጨረቃ ነበር። ጨረቃ ዘወትር አንድ ገጽዋን ወደ ምድር ብታዞርም፣ ምልክቶቿን ለረጅም ጊዜ በጥንቃቄ የተከታተለ ሰው ጥቂት ስትወዛወዝ ያያታል፤ በጠርዟ ያሉ ቦታዎች አንዳንድ ጊዜ ይገለጣሉ፣ አንዳንድ ጊዜም ይሰወራሉ። በዛሬው አጠራር ይህ ክስተት ሊብሬሽን ይባላል። በ1609 በመጀመሪያ የመረመራትን ጨረቃ ከ28 ዓመታት በኋላ በሚደበዝዝ ዓይኑ ሲመረምራት አዲስ ነገር አገኘባት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁለቱም ዓይኖቹ ጠፉ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ወጣቱ ቪንቼንዞ ቪቪያኒ፣ ኋላም ኢቫንጀሊስታ ቶሪቼሊ አብረውት እየኖሩ ሐሳቡን ይጽፉለት ነበር። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 1642 በ77 ዓመቱ ዐረፈ። መስፍኑ በፍሎረንስ በሳንታ ክሮቼ ቤተ ክርስቲያን የክብር ሐውልት ሊያቆምለት ቢሻም ከሮም ስላልተፈቀደ ያለ ሐውልት በትንሽ ክፍል ተቀበረ። አጽሙ ወደ ዛሬው የክብር መቃብር የተዛወረው በ1737 ነው። ከ350 ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በ1992 ሊቀ ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በእርሱ ላይ የተፈጸመውን ስሕተት በይፋ አመኑ።

ትምህርቱ ለዛሬው ትውልድ

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1971 የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት በጨረቃ ላይ፣ በአፔናይን ተራሮች ግርጌ ቆሞ መዶሻና የጭልፊት ላባ በአንድ ጊዜ ለቀቀ። አየር በሌለበት በዚያ ስፍራ ሁለቱ እኩል ወረዱ፤ ክብደት የአወዳደቅን ፍጥነት አይወስንም የሚለው የጋሊሊዮ ትምህርትም በጨረቃ ላይ ተረጋገጠ።

የኢትዮጵያ ሕዝብ ጨረቃን ሲከታተል የኖረ ሕዝብ ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት አበቅቴንና መጥቅዕን እየቀመሩ አጽዋማትንና በዓላትን ያወጣሉ፤ ሙስሊሙ ኅብረተሰብም የረመዳንን መግቢያና መውጫ ለማወቅ አዲሷን ጨረቃ ይጠባበቃል። በዘመናችን ደግሞ የኢትዮጵያ የሥነ ፈለክ ወዳጆች በ1996 ዓ.ም. የስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲን መሥርተዋል። በእንጦጦ ተራራ ላይም እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። የእያንዳንዱ ቴሌስኮፕ ብርሃን የመሰብሰብ አቅም ከጋሊሊዮ 38 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ600 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጨረቃ ፀሐይን ጋርዳ ቀለበት መሰል ግርዶሽ በላሊበላ በታየ ጊዜም ብዙ ሕዝብ በአንድነት ወደ ሰማይ ተመልክቷል።

ጋሊሊዮ ያየውን ለማየት ግን ትልቅ ማዕከል አያስፈልግም። በኮልፌ ቀራንዮ ያለ ተማሪ ትንሽ ቴሌስኮፕ ቢያገኝ፣ ከቤቱ በር ወይም ከትምህርት ቤቱ ሜዳ የጨረቃን ተራሮች መመልከት ይችላል። ጨረቃ ብሩህ ስለሆነች የከተማ መብራት ብዙም አያግዳትም፤ ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ያሉት ጥርት ያሉ የጥቅምትና የኅዳር ምሽቶችም ለዚህ ይመቻሉ። አዲስ ጨረቃ በተወለደች በሁለተኛውና በሦስተኛው ምሽት፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በወጨጫ በኩል ሲታይ፣ ከምድር ተመልሶ የሚያበራው ደብዛዛ ብርሃን ያለ መሣሪያም ይለያል። ተራሮቹና ጎድጓዶቹ ጎልተው የሚታዩት ከአራተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ በብርሃኑና በጨለማው ድንበር አጠገብ ነው። ሰባት ቀን ገደማ ሲሆናት ጋሊሊዮ የነደፈው ትልቅ ክብ ጎድጓዳ እንደሆነ ብዙዎች የሚገምቱት አልባቴግኒየስ በድንበሩ አካባቢ ይገኛል፤ ስሙም የታላቁ ዓረባዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ የአል ባታኒ መታሰቢያ ነው። ከሁለት ቀናት በኋላ ደግሞ ኮፐርኒከስ የተባለው፣ 93 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው፣ ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ካለው መንገድ ጋር የሚቀራረብ ጎድጓዳ ይገለጣል። ጨረቃ ስትሞላ ጥላው ስለሚጠፋ ተራሮቹን መለየት ያስቸግራል። ቴሌስኮፕን ወደ ፀሐይ ማቅናት ዓይንን እስከ መጨረሻው ሊያጠፋ ስለሚችል በምንም ምክንያት አይፈቀድም።

ተመልካቹ በአንድ ምሽት ያየውን በእርሳስ ነድፎ፣ ሰዓቱንና ቀኑን ጽፎ፣ በማግሥቱ ደግሞ ቢያነጻጽር፣ በጨለማው ውስጥ ብቻውን ያበራ የነበረ ነጥብ ወደ ተራራ ማደጉን ያያል። ጋሊሊዮም በ1609 የጀመረው በዚሁ መንገድ ነበር።